የፈረሱን አፍ የሚያድን ጠፍር

ስለ አንገት ጠፍር የሚጠይቁኝ ሰዎች ሰሞኑን በርክተዋል። በፈረሱ አንገት ዙሪያ የሚታሰረው፣ ሚዛን ሲናጋ የሚያዘው ጠፍር ማለቴ ነው። ግንድና ቦይ በሚዘለልበት ክሮስ ካንትሪ ከብዙ ውድ ዕቃ በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

«ጠፍሩን ስይዝ ጓደኞቼ ‹ገና ጀማሪ ነሽ› ይሉኛል። ልተወው?»

እንዳትተዪው። ልምድ ያላቸውም ያስሩታል፤ በተለይ ወጣት ፈረስ ሲያሠለጥኑ። ወጣት ፈረስ ቦይ ሲያይ ያመነታል፤ ከዚያ ድንገት ከሚገባው በላይ ተወርውሮ ይዘላል። አንቺ ወደ ኋላ ትቀሪያለሽ። እጅሽ የሚይዘው ሲያጣ ዛቡን ይጎትታል። ዛቡ ደግሞ ከልጓሙ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ክብደትሽ አፉ ላይ ያርፋል። እስቲ አስቢው፤ ደፍሮ ዘለለ፣ ያገኘው ግን ሕመም ነው። ይህ ሲደጋገም መሰናክል ፊት መቆም ይጀምራል። እኛም «እልኸኛ ነው» እንለዋለን። በጣም ያሳዝነኛል። ጋማ መያዝም ጥሩ ነው፤ ግን አጭር የተከረከመ ወይም የተጎነጎነ ጋማ በችኮላ አይጨበጥም።

«ከቆዳ፣ ከናይለንና ከላስቲክ የቱን ልግዛ?»

ቆዳ ግዛ። በጓንትም ቢሆን በደንብ ይጨበጣል። ናይለን ለማጠብ ቀላል ነው፤ ግን ፈረሱ የሆነ ነገር ላይ ቢጠላለፍ በቀላሉ አይበጠስም፣ ጠርዙም ቆዳውን ሊልጠው ይችላል። ላስቲኩን ተወው። ስትይዘው አብሮህ ይለጠጣል፤ አንተ የምትፈልገው ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ቤት ውስጥ አሮጌ የእርካብ ጠፍር ካለህ እሱም ይሠራል። ስፌቱ እንዳልላላ፣ ቆዳውም እንዳልተሰነጠቀ አጥፈህ እይ።

«ለልጄ ፈረስ ገዝቼለት ጠፍሩን አንገቱ ላይ የት ጋ እንደማስረው ግራ ገባኝ። ምን ያህል ላጥብቀው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ልጅዎ ኮርቻው ላይ ለዝላይ እንደተዘጋጀ ሆኖ ከመቀመጫው ከፍ ይበል፣ እጆቹንም ወደፊት ይስደድ። እጆቹ የሚያርፉበት ቦታ ነው የጠፍሩ ቦታ። በጠፍሩና በአንገቱ መካከል መዳፍዎ በቀላሉ መግባት አለበት። ከጠበቀ ፈረሱ አንገቱን ሲያጎነብስ ጉሮሮውን ይጫነዋል። ከላላ ደግሞ ወደ ጆሮው ይንሸራተታል፤ ብሎም እግሩ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ኮርቻው ፊት ካሉት ቀለበቶች ጋር በቀጭን ማሰሪያ ያያይዙት። ሲጨርሱ ፈረሱን ሣር ያስግጡትና ጭንቅላቱ መሬት ሲደርስ ጠፍሩ የት እንደሄደ ይመልከቱ። ዘለበቱ እጅ በሚያርፍበት ቦታ እንዳይሆን ወደ ጎን ያዙሩት።

«ማርቲንጌል አለኝ። ሌላ ያስፈልገኛል?»

ማርቲንጌል ፈረሱ ጭንቅላቱን ከልክ በላይ ሽቅብ እንዳያነሳ የሚያግድ ጠፍር ነው፤ የአንገት ማሰሪያው ይበቃሽ ይሆናል። ችግሩ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ደረት አካባቢ ይውላል። ሳትጎነብሺ ካልደረስሽበት ሌላ ጨምሪ።

«ወደ ታች በሚዘለልበት መሰናክልስ ልያዘው?»

እኔ አልመክርህም። እዚያ ላይ ደረትህ ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ ጠፍሩን አጥብቀህ ከያዝክ ወደፊት ይጎትትሃል። ዛቡ በጣቶችህ መካከል ይሹለክ፣ ፈረሱም አንገቱን ይዘርጋ። ሽቅብ ሲዘል ግን ያዘው። መጀመሪያ በሶምሶማ ተለማመድ፦ ዓይንህን ከፊት ሳትነቅል አንድ ጣት ጠፍሩ ውስጥ አስገባ፣ አውጣ፣ ደግሞ አስገባ። እጅህ ሳይፈልግ ሲያገኘው ወደ ግንዱ ሂድ።