ጉበቷ ለታመመ ድመት ሥጋ መከልከል ዕረፍት አይሆናትም

ሰላም እህቴ። የጻፍሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ወፍራም ድመትሽ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እንጀራ በሽሮ ብቻ ስትበላ ቆየች፤ አሁን ሦስት ቀን ሆናት ምንም አልቀምስ ካለች፤ የጆሮዋ ውስጥና ድዷ ቢጫ መስሏል። ጎረቤት ደግሞ «ጉበቷ ነው፣ ሥጋ ይከብዳታል፣ ስኳር በውኃና የሩዝ ውኃ ስጫት» ብሎሻል።

ጉበቷ መሆኑ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ «ስብ ጉበት» የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ስብ የሚከማችበት በሽታ ይመስላል። ምክሩ ግን ለድመት አይሆንም። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርብሽ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሰውም ውሻም ፕሮቲን ሲያንሰው ጉበቱ አሚኖ አሲድን (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ክፍሎች) የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ይቀንሳል፣ ያለውን ይቆጥባል። ድመት ግን ሥጋ ብቻ እየበላች የመጣች ፍጥረት ስለሆነች ጉበቷ ይህን የመቆጠብ ነገር እምብዛም አያውቅበትም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች የነበሩት ሮጀርስና ሞሪስ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) እንዳሳዩት፣ ድመቶች ፕሮቲኑ ከበዛበት ምግብ ወደ አነሰበት ሲዛወሩ የጉበታቸው ኢንዛይሞች ብዙም አልቀነሱም። ኋላ የተሠሩ ጥናቶች ድመትም የሚያስፈልጋትን ያህል ፕሮቲን እስካገኘች ድረስ የምታፈርሰውን ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደምትችል አሳይተዋል። ከሚያስፈልጋት አነስተኛ መጠን በታች ስትወርድ ግን መቆጠቢያ የላትም። እህል ያለቀበት ወፍጮ ድንጋዩን እንደሚፈጭ ሁሉ ጉበቷ ወደ ራሷ ጡንቻ ይዞራል። የጀርባ አጥንቷን በጣትሽ ዳብሺው፤ ሆዷ ወፍራም ሆኖ ጀርባዋ ላይ አጥንቱ ከቆረቆረሽ ጡንቻው አልቋል ማለት ነው።

ስቡስ እንዴት ጉበት ውስጥ ተከማቸ? ወፍራም ድመት መብላት ስታቆም የሰውነቷ ስብ እየቀለጠ ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበቱ ያንን ስብ መልሶ ወደ ደም ለመላክ በፕሮቲን መጠቅለል አለበት። ለማቃጠልም ካርኒቲን ያስፈልገዋል፤ ካርኒቲን የሚሠራው ከላይሲንና ከሜታዮኒን ነው። ፕሮቲን ከሌለ መጠቅለያውም ማቃጠያውም የለም፤ ስቡ እዚያው ሴሎቹ ውስጥ ይቀራል፣ የሐሞት መውጫ ይጨነቃል፣ ቢጫነቱ ይመጣል። ለዚህ በሽታ ፕሮቲን መድኃኒቱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ለይቼ ላንሳ። ፕሮቲን ሲፈርስ የሚወጣውን አሞኒያ ጉበት ወደ ዩሪያ ለመለወጥ ይህ ያስፈልገዋል፤ ድመት ደግሞ በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም። ሞሪስና ሮጀርስ በ1978 ባወጡት ሥራ አርጂኒን የሌለው አንድ ምግብ ብቻ በልታ ድመት በሰዓታት ውስጥ በአሞኒያ ተመርዛለች፦ ማስመለስ፣ ለሃጭ፣ መንገዳገድ። በሥጋ ውስጥ የሚገኘው ታውሪንም እንዲሁ ነው፤ የድመት ጉበት ሐሞቱን የሚያጣምረው በታውሪን ብቻ ነው፣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ዓይኗንም ልቧንም ይጎዳል።

ስኳር ውኃው ለምን አይሆንም? የድመት ጉበት በርከት ያለ ግሉኮስን ቶሎ ለመያዝ የሚረዳው ኢንዛይም በጣም አነስተኛ ነው። በረሃብ በተጎዳ ሰውነት ላይ ደግሞ ስኳር ኢንሱሊንን ከፍ አድርጎ ፖታሲየምና ፎስፈረስን ከደም ወደ ሴል ይጎትታል፤ ይህ በራሱ ሊገድል ይችላል። ምግብ ቀስ በቀስ የሚጀመረውም ለዚሁ ነው።

4 ኪሎ መሆን ለሚገባት ድመት የቀኑ መነሻ ጉልበት 200 ካሎሪ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩቡን (50 ካሎሪ)፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት ሩቡን፣ በአራተኛው ሙሉውን፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ። በሲሪንጅ በግድ አትጋቻት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፣ ከዚያም በላይ ያንን ምግብ ጠልታ ስትድን እንኳ ላትነካው ትችላለች። ሐኪሙን በአፍንጫ ወይም በአንገት በኩል የምግብ ቱቦ ይገባላት እንደሆነ ጠይቂ። አንገት ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቫይታሚን ኬ ይወጋላት፤ ጉበቷ ሲደክም ደሟ ቶሎ አይረጋም። በደሟ ውስጥ ቢሊሩቢን (ቢጫነቱን የሚያመጣው) እንዲሁም ኤኤልፒና ጂጂቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች ይመርመሩላት፤ ኤኤልፒ በጣም ከፍ ብሎ ጂጂቲ ብዙ ካልጨመረ ወደ ስብ ጉበት ያመለክታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፖታሲየምና ፎስፈረስም ይታይ።

ለቱቦው የተቀቀለ ዶሮና የበሰለ እንቁላል በራሱ መረቅ ፈጭተሽ በወንፊት አጥልይ፤ ለብ ይበል። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ጀምሪ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላ ጥቂት ለብ ያለ ውኃ አሳልፊበት፣ አለዚያ ቱቦው ይደፈናል። የአፍንጫው ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ በላች ብለሽ ቶሎ አታስወጪው።

ፕሮቲን የሚቀነስበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ከበላች በኋላ ለሃጯ ከበዛ፣ ከፈዘዘች፣ ግድግዳ ላይ ጭንቅላቷን ከገፋች ወይም ካንቀጠቀጣት። ይህ አሞኒያ ጭንቅላቷ ጋ መድረሱ ነው። ያን ጊዜም ሐኪሙ ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም።

ስትድን በኪሎ 5 ግራም ያህል ፕሮቲን በየቀኑ አስቢ። ለ4 ኪሎ 20 ግራም ማለት ነው፦ አጥንት የሌለው 60 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ጭንና አንድ የሐበሻ እንቁላል ያደርሱሻል። መረቁን አትድፊው፣ ታውሪኑ ወደ እሱ ነው የሚወጣው። የዶሮ ልብ ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። ጉበት ግን በሳምንት አንድ ሁለቴ ቁራሽ ብቻ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው የአንገት አጥንቷን ያጣብቃል። ከጎርጎራ የሚመጣውን አሳ ቀቅለሽ ስጪ፤ አንዳንድ አሳ ጥሬውን ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለው። ይህ ምግብ ለወራት ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየምና ታውሪን መጨመር ስላለበት ሐኪሙን አማክሪ።

ሽሮው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ሽንኩርት እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ፓራሲታሞልም እንዳታስነኪያት፣ አንድ ክኒን ይገድላታል።

በጾም ቤት ሥጋ ማስገባት እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ድመቷ ላይ ጾም የለም። እንቁላል በሁዳዴም ገበያ ላይ አለ፣ ፈላጊው ስለሚቀንስም ይረክሳል፤ በሌላ ድስት ቀቅለሽ ስጫት። በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ካለሽ ለሚቀጥለው ሁዳዴ ከቅበላው በፊት ዶሮ ገዝተሽ በቀን በቀኑ ከፋፍለሽ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጪ። ውፍረቷን መቀነስ ካሰብሽም ካገገመች በኋላ ይሁን፣ በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ ገደማ።