ኮዱ ይሰራል፣ ግን ምን ማለት ነው?

ሰላም ታናናሾቼ፣ ፕሮግራሚንግ የጀመራችሁ ልጆች አግኝታችሁ ስታወሩኝ ሁሌ ምትጠይቁኝ ፓይተን ልማር ወይስ ጃቫስክሪፕት፣ ራስት ያዋጣል ወይ፣ የትኛው ፍሬምወርክ ቶሎ ስራ ያስገኛል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ግን እኔ ስንት ዘመን የሰው ኮድ ሳነብና ሳርም የኖርኩ ሰው ምመክራችሁ ሌላ ነገር ነው። ቋንቋ በቋንቋ ላይ ከመደራረባችሁ በፊት ፊታችሁ ያለው ኮድ ምን ማለት እንደሆነ በሂሳብ መናገር ልመዱ። ራን ስታደርጉት ዛሬ ያወጣውን መልስ አይደለም ምላችሁ፣ ለማንኛውም ኢንፑት ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ባይነሪ ሰርች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በቅደም ተከተል የተደረደረ አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር በሉት) ላይ መሀሉን እያያችሁ ግማሹን እየጣላችሁ መፈለግ ነው። መሀሉን ለማግኘት የታችኛውንና የላይኛውን ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ደምሮ ለ2 ማካፈል፣ በቃ። ይቺ መስመር የጃቫ ቋንቋ ላይብረሪ ውስጥ ለዓመታት ባግ (ስህተት) ይዛ ተቀምጣ ጆሹዋ ብሎክ በ2006 (በፈረንጆቹ ነው ምቆጥረው) ጉዳዩን ጽፎ ለሁሉም አሳወቀ። ኢንት ሚባለው የጃቫ ሙሉ ቁጥር ሊይዘው ሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፣ ድምሩ ከዛ ካለፈ ዞሮ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ አሬዩ ከቢሊዮን በላይ ኤለመንት ሲኖረው የሁለቱ ኢንዴክስ ድምር ሊያልፍ ይችላል፣ ያኔ መሀል ተብሎ የተሰላው ቦታ ከዜሮ በታች ይሆንና ፕሮግራሙ ይወድቃል። መፍትሄው ከላይኛው ታችኛውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ፣ ታችኛው ላይ መደመር ነው። አልጎሪዝሙ እኮ በወረቀት ተረጋግጦ ነበር፣ የተረጋገጠው ግን የሂሳብ ድምር ተይዞ ነው፣ ማሽኑ ላይ ያለው የጃቫ ድምር ነው። ሲ ሚባለው ቋንቋ ላይ ደሞ ይብሳል፣ ኔጌቲቭም መያዝ ሚችለው ኢንት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ቋንቋው ጭራሽ ትርጉም አልሰጠውም፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሚተረጉመው ፕሮግራም) ያሻውን ቢያደርግ ህግ አልጣሰም።

እንግዲህ ትርጉም ከየት ይመጣል? በ1960ዎቹ ሰዎች ይሄን አጥብቀው መጠየቅ ጀመሩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ናቸው፣ ፍሎይድ በ1967፣ ሆር በ1969 ከፕሮግራሙ በፊት እውነት የሆነው ምንድነው፣ ካለቀ በኋላስ እውነት ሚሆነው ምንድነው በሚል መንገድ ሄዱ። ፕሎትኪን ቆየት ብሎ በ1981 ፕሮግራሙ አንድ አንድ እርምጃ እንዴት እንደሚራመድ ህጎቹን አስቀመጠ። እኔን እስከዛሬ ሚገርመኝ ግን የኦክስፎርዱ ነው። ክሪስቶፈር ስትሬቺ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፣ እያስተማረ ነው በ1951 ዳማ ሚጫወት ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው። በኋላ ኦክስፎርድ ሆኖ እያንዳንዱ የኮድ ቁራጭ አንድ የሂሳብ ፈንክሽን (ኢንፑት ተቀብሎ አንድ መልስ ሚሰጥ) ነው፣ የትልቁ ትርጉም ከትንንሾቹ ትርጉም ይገነባል አለ፣ ለመጻፊያ የተጠቀመው ደሞ የአሎንዞ ቸርችን ላምዳ ካልኩለስ ነው፣ ስሌትን ሁሉ በፈንክሽን ብቻ ሚጽፍ የሂሳብ ዘዴ። ዴና ስኮት ሚባለው የሎጂክ ሰው በ1969 እሱ ጋ መጣና ይሄ ነገር መሰረት የለውም ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፣ ላምዳ ካልኩለስ ላይ ፈንክሽን ለራሱ ኢንፑት መሆን ይችላል፣ ስለዚ በውስጡ ከራሱ ወደ ራሱ ሚሄዱትን ፈንክሽኖች በሙሉ ሚይዝ ስብስብ (በሂሳብ ሴት፣ set ሚባለው) ያስፈልጋል፣ እንደዛ አይነት ስብስብ ደሞ እንደማይኖር ካንቶር ሚባለው የሂሳብ ሰው ድሮ አረጋግጧል። ስኮት ጥቅምት አካባቢ ይሄን ላምዳ ተዉት ሚል ጽሁፍ ጻፈ፣ ሳምንታት ሳይቆይ ራሱ መፍትሄውን አገኘ! ሁሉንም ፈንክሽን ሳይሆን ኮንቲኒዩስ ሚባሉትን (የመልሳቸውን እያንዳንዱን ውስን ክፍል ከኢንፑቱ ውስን ክፍል ብቻ ሚያወጡትን) ብቻ ከያዝን ይበቃል፣ ኮምፒውተር ሚሰራቸው በሙሉ ደሞ እንደዛ ናቸው። ያ የመጀመሪያ ጽሁፉ የታተመው በ1993 ነው።

ሀሳቡን በፋክቶሪያል እዩት። የ0 ፋክቶሪያል 1 ነው፣ የሌላ ቁጥር ፋክቶሪያል ደሞ ቁጥሩ ሲባዛ በአንድ በሚያንሰው ቁጥር ፋክቶሪያል ነው። ፋክቶሪያል ራሱን ይጠራል፣ ስለዚ ትርጉሙ ምንድነው ስትባሉ መልሳችሁ ፋክቶሪያል ትላላችሁ፣ አዙሪት ነው። ከአዙሪቱ መውጫው እንዲህ ነው፣ ምንም ከማያውቅ ፈንክሽን ጀምሩ፣ ለየትኛውም ቁጥር መልስ የለውም። ፋክቶሪያል ራሱን በሚጠራበት ቦታ እሱን ስትተኩ ለ0 መልሱ 1 መሆኑን ያወቀ ፈንክሽን ታገኛላችሁ። የተገኘውን መልሳችሁ ስትተኩ 0ንና 1ን ያውቃል፣ ቀጥሎ 2ንም፣ ቀጥሎ 3ንም። እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ ይጨምራል እንጂ የበፊቱን አያፈርስም፣ የዚህ ሁሉ ጥርቅም ማለቂያው ላይ ያለው ነው የፋክቶሪያል ትርጉም። ኔጌቲቭ 1 ብትሰጡትስ? በየትኛውም ደረጃ መልስ አይመጣለትም፣ ፕሮግራሙም ከዜሮ በታች እየወረደ ማያቆመው ለዚሁ ነው። ማያልቅ ሉፕ (ድግግሞሽ) ራሱ ቦተም ሚባል ትርጉም አለው፣ መልስ የለም ማለት ነው። እኔ ይሄን ከሚያህል የሚያምር ነገር በሙያችን ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ለስራ ምን ይጠቅመኛል ምትሉ አላችሁ። ኮምፕሰርት ሚባል የሲ ኮምፓይለር አለ፣ ዣቪየር ለርዋ ከባልደረቦቹ ጋር ፈረንሳይ የሰራው፣ ሚያወጣው የማሽን ኮድ ከምንጩ ኮድ ጋር ትርጉሙ አንድ መሆኑ በማሽን በተፈተሸ ማረጋገጫ የተያዘ ነው። በ2011 የዩታ ተመራማሪዎች በዘፈቀደ ኮድ እያመነጨ ኮምፓይለር ሚፈትን መሳሪያ ሰርተው ጂሲሲና ኤልኤልቪኤም ሚባሉትን ታዋቂ ኮምፓይለሮች ጨምሮ ከፈተኗቸው ውስጥ ከ325 በላይ ባግ አወጡ፣ የፈተኗቸው በሙሉ ስህተት ተገኘባቸው፣ ኮምፕሰርት ላይ ግን የተረጋገጠው ክፍል ላይ የተሳሳተ ኮድ ሚያወጣ ባግ አላገኙም። ብራውዘራችሁ ውስጥ ሚሰራው ዌብአሴምብሊ ሚባለው የኮድ አይነትም ገና ሲወለድ ትርጉሙ በሂሳብ ህግ ተጽፎለት ነው የመጣው። አሁን ደሞ ኤአይ በደቂቃ ሺ መስመር ይጽፍላችኋል፣ ያ ኮድ የተባለውን ነው ወይ ሚያደርገው ብሎ መፍረድ ግን የናንተ ድርሻ ሆኖ ይቀራል፣ ይሄን ማድረግ ሚችል ሰው እጅግ ይፈለጋል።

ለመጀመር ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግም፣ መብራት ጠፍቶም ይሰራል፣ ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ነው። ሴት ቲዎሪ (የስብስብ ሂሳብ) እና ኢንዳክሽን (ለ0 አሳይቶ፣ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ እየተሻገሩ ለሁሉም ማረጋገጥ) በደንብ ያዙ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስክሪት ማዝ ሲሰጣችሁ ለፈተና ብቻ አትሽምድዱት። ከዛ ቁጥር፣ መደመር፣ ኢፍ (ሁኔታው እውነት ከሆነ ይሄን፣ ካልሆነ ያን ሚል) እና ዋይል (ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ ሚደጋግም) ብቻ ያላት ትንሽ ቋንቋ ራሳችሁ ፍጠሩና ለእያንዳንዷ ትርጉም ጻፉላት። ስትጨርሱ ይቺን ሞክሩ፣ አንድ የዋይል ሉፕ እና ያው ሉፕ አንዴ ተፈቶ፣ ማለት ሁኔታው እውነት ከሆነ ውስጡን አንዴ ሰርቶ መልሶ ወደ ሉፑ ሚገባ፣ ካልሆነ ዝም ብሎ ሚያልፍ የኢፍ ኮድ፣ ሁለቱ አንድ ትርጉም እንዳላቸው አረጋግጡ። ማረጋገጫው ግማሽ ገጽ አይሞላም፣ ግን ኤአይ ሳትጠይቁ ሁለት ሶስት ቀን ታገሉት።