ውኃ የሌለው ሞተር በጊቤ አቀበት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በ1964 ዓ.ም. የተሠራችና ባለ 1600 ሲሲ ሞተር የሆነች የቮልስዋገን ኮምቢ ከአጎቴ ወርሻለሁ። ከኋላዋ የሚታጠፍ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ምግብ ማብሰያ ስላላት በበዓል ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር እጓዝባታለሁ። ችግሬ ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን አቀበት ስጀምር ሞተሩ እየጋለ ጉልበቱ ይከዳኛል። ከዚህ በፊት ሞተሩን የፈታው መካኒክ በዙሪያው የነበሩትን ላሜራዎችና ጎማዎች «ለሥራ ያስቸግራሉ» ብሎ አውጥቶ በከረጢት ሰጥቶኛል። የወለሉና የበሩ ሥርም ዝጓል። አንዳንዶች የቶዮታ ሞተር አስገባባት ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ ቀለም አስቀብተህ ሽጣት ይሉኛል። ከየት ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ የሞተር ቅያሬውንም የቀለሙንም ነገር ለጊዜው ያቆዩትና በመጀመሪያ ያንን ከረጢት ይፍቱት። የኮምቢዎ ሞተር ራዲያተርም ውኃም የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ የሚሽከረከረው ማራገቢያ በሚነፋው አየር ብቻ ነው። መካኒኩ ያወጣቸው ላሜራዎች ይህ አየር በየአቅጣጫው ሳይበተን በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ የሚመሩት ሲሆኑ፣ በሞተሩ ክፍል ጠርዝ ዙሪያ የሚገባው ጎማ ደግሞ ከላይ የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው የጋለ አየር ይለያል። እነዚህ በሌሉበት ማራገቢያው ከማርሚታው ዙሪያ የተነሣውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ሞተሩን በራሱ ሙቀት ያነፍረዋል። ስለዚህ ያለ ላሜራ ጊቤን መውጣት ሞተርን ሆን ብሎ መግደል ነው ብንል አላጋነንም። የጎደለ ቁራጭ ካለ የተካነ ላሜራ ሠራተኛ የቀሩትን አይቶ ሊቀርጽልዎ ይችላል፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ግን መልሰው አይግጠሙ።

ከጉልበቱ መክዳት የተወሰነው በሽታ አለመሆኑንም ይወቁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗና በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ መኪናዎ በባሕር ዳርቻ ካለች አቻዋ ደክማ ብትታይ አይደነቅም። አነዳድዎ ግን ለውጥ ያመጣል። ማራገቢያው የሚፈጥነው ሞተሩ ሲፈጥን ስለሆነ፣ በአራተኛ ማርሽ እየተንገዳገዱ መውጣት ጭነቱን አብዝቶ ንፋሱን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር ወደ ሦስተኛ፣ ካስፈለገም ወደ ሁለተኛ ይመልሱ። የቫልቭ ክፍተቱንም ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ያስለኩ፤ ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠፋ የጭስ ማውጫው ቫልቭ በደንብ ስለማይገጥም ይቃጠላል፤ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነና ሞተሩን በማቀዝቀዝም ትልቅ ድርሻ ስላለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩት፤ በዚያው ጊዜ ከሥር ያለችውን ወንፊት አውጥተው ይጠቡ።

በጉዞ ላይ ሳሉ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ከበራች «ባትሪው አይሞላም እንጂ እደርሳለሁ» ብለው አይቀጥሉ። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ ስለሆነ፣ እርሱ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለዎትም ማለት ነው። ወዲያውኑ ዳር ይዘው ያጥፉ፤ ትርፍ ቺንጋና መፍቻውም ከመኪናው አይለዩ።

ከሙቀቱ በላይ የሚያስፈራን ግን የቤንዚን ጎማው ነው። እነዚህ መኪኖች በእሳት የሚወድሙበት የታወቀው ምክንያት፣ ከሰርባቶዮው ወደ ፓምፓውና ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቀጭን ጎማ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ መንጠባጠቡ ነው። ጎማውን በጣትዎ አጠፍ አድርገው ይመልከቱ፤ ጭረት ካዩበት ወይም ዕድሜውን ካላወቁ፣ ማሰሪያዎቹን ጨምረው ሁሉንም በአንድ ቀን ይቀይሩ። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ባለ ዱቄት እሳት ማጥፊያ በሾፌሩ ወንበር አጠገብ ይኑርዎት።

የቶዮታውን ሞተር አንመክርም። ውኃ የሚፈልግ ሞተር ከኋላ ሲገባ ራዲያተር፣ ቧንቧና አዲስ ማሰሪያ ይዞ ይመጣል፤ የሞተር ቁጥሩም በሊብሬው ላይ የሠፈረ በመሆኑ ጉዳዩ ከጋራዥ አልፎ መሥሪያ ቤት ያደርስዎታል። በአንጻሩ የእርስዎ ሞተር ከትንሿ ቮልስ ጋር ብዙ ዕቃ ይጋራል፤ ቮልስ ደግሞ በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት ስትነዳ የኖረች በመሆኗ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ቢልኩ ባዶ እጁን አይመለስም። የመጀመሪያውን ሞተር የያዘች ኮምቢ ለሚሸጣትም ቢሆን የተሻለ ዋጋ የምታወጣ ይመስለናል።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ በመሆኗ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም የተቀባ ዝገት አንድ ክረምት ቢያልፍ ነው። የዛገው ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ ተበይዶና አንቲረስት ተቀብቶ ሲያበቃ ነው ስቱኮ የሚመጣው፤ ያውም በስሱ። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው መነቀል፣ ብየዳው ወደ ኋላ ከቀረበም ሰርባቶዮው መውረድ አለበት። የባትሪውን መቀመጫም ባትሪውን አንሥተው ይዩት፤ አሲድ ስለሚንጠባጠብበት ከሥሩ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ይገኛል።

ከሰኮሩ በኩል ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለትም አይርሱ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር፤ ሲወርዱም ፍሬን ላይ ተኝተው ሳይሆን በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ቁም ሣጥኑን ለማደስ ካሰቡ የጅማ እንጨት ሠራተኞች እጅ የተመሰከረለት ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ጣውላ ይዘዙ፤ 1600 ሲሲ ሞተር የሳሎን ቡፌ ተሸክሞ ወልቂጤ አይወጣምና። የጋዝ ሲሊንደሩን ደግሞ ከአልጋው ሥር አያኑሩት፤ ከወለሉ አጠገብ አየር ማስወጫ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም የሚያፈስ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል።