ሳርሽ ላይ የበቀለው የአገር ቤቱ እንጉዳይ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንዳየሁ ሥራዬን አቁሜ ነው የምጽፍልሽ። ሜሪላንድ ቤትሽ በር ላይ፣ ሳሩ መሃል፣ ከዝናብ በኋላ ትልልቅ ነጭ እንጉዳይ ወጣ፤ አገር ቤት ልጅ ሆነን የምንበላውን ይመስላል፤ ለፍልሰታ ልሥራው ወይ ብለሻል። አትሥሪው። እባክሽ።

እኔ ያደግሁት አሶሳ ነው። ክረምት ሲገባ እናቴ ኩይሳ ዙሪያ ትዞራለች፣ እኛም ቅርጫት ይዘን እንከተላለን። ስትነቅል አትቸኩልም። አፈሩን በጣቷ ፈልፈል ታደርጋለች፣ የእንጉዳዩ እግር ግን አያልቅም፤ እየቀጠነ እየቀጠነ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዳንዴ ክንድ ያህል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይቆረጣል። የቆቡ መሃል ደግሞ ሾል ያለ ነው፣ አፈር ሰንጥቆ የሚወጣው በእሱ ነው። «ሥሩ ከምስጥ ቤት ካልመጣ የጅብ ጥላ ነው፣ ተዉት» ትለን ነበር።

ለምን እንደምትል የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያንን እንጉዳይ ከመሬት በታች የሚያለሙት ምስጦቹ ራሳቸው ናቸው። የበሉትን እንጨትና ደረቅ ቅጠል እንደ ማሳ ከምረው ያበቅሉበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። እነዚህ ምስጦች ያሉት አፍሪካና እስያ ነው፣ አሜሪካ የሉም። ምስጡ ከሌለ እንጉዳዩም የለም። እናቶቻችን ያስተማሩን እውቀት ትክክል ነበር፣ ግን የቆመው ኩይሳው ላይ ነው፤ እኛ ኩይሳውን ረስተን መልኩን ብቻ ይዘን መጣን።

እኔም በዚሁ ነው የተሳሳትኩት። ከዓመታት በፊት፣ ያውም በፍልሰታ፣ ከመናፈሻ ሳር ላይ ለቅሜ በሽንኩርትና በዘይት ጠበስኩት። ይጣፍጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትውከቱ ጀመረ፣ ተቅማጡ ተከተለ፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አደርኩ። የበላሁት እዚህ አገር በበጋ ሳር ላይ በብዛት የሚወጣውን፣ ሰውን በመመረዝ ከሁሉም የሚበዛውን ዓይነት ነው። ቆቡ ሰፊ ነጭ ሆኖ ቡናማ ቅርፊት ጣል ጣል ያለበት፣ እግሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ቀለበት ያለው። ተንኮሉ ምን መሰለሽ፣ ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስሶቹ ነገሮች መጀመሪያ ነጭ ናቸው፤ አረንጓዴ የሚሆኑት ሲያረጅ ነው። እኔ ለጋውን ነበር የመረጥኩት።

ያነሳሽው ፎቶ ከላይ ብቻ ስለሆነ ይሄ ነው ብዬ አልምልልሽም፣ ግን ሳር ላይ መውጣቱና መልኩ እሱን ይመስላል። ማወቅ ከፈለግሽ፣ መንካቱ አይጎዳምና አንዱን እግሩን ቁረጪና ቆቡን ገጾቹ ወደ ታች ሆነው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፣ ብርጭቆ ድፊበት፣ ይደር። ጠዋት ስታነሽው ዱቄት ጥሎ ታገኛለሽ። አረንጓዴ ከሆነ ያ የበላሁት ነው። የአገር ቤቱ ሮዝ ወይም ክሬም ነው የሚጥለው።

ነጭ ከጣለ ግን አልቀለለልሽም። ዛፍ ሥር፣ በተለይ ዋርካ ከሚያህሉት የኦክ ዛፎች ሥር የሚወጡ ገዳዮች አሉ፤ ገጻቸው ነጭ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት፣ ሥራቸው አፈር ውስጥ በከረጢት የታቀፈ። ከላይ ቆርጠሽ ከወሰድሽው ከረጢቱን አታይውም። እነዚህ ወዲያው አያሳምሙም። ከ6 ሰዓት በላይ ይቆያሉ፣ ከዚያ ያስመልሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሻል ያለሽ ይመስልሻል፣ በዚህ መሃል ጉበትሽ እየሞተ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2016 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ 14 ሰው በዚህ ተመርዞ ሦስቱ ጉበት ተቀይሮላቸዋል።

ከጥያቄዋ ሥር አስተያየት ስትጽፉ አንዳንዶቻችሁ «በደንብ ይቀቀል»፣ «ትል ከበላው ለሰውም ይሆናል»፣ «ነጭ ሽንኩርት ካጠቆረ ነው መርዙ» ብላችኋል። ወገኖቼ፣ አንዱም እውነት አይደለም። የጉበቱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፣ ቀንድ አውጣም ገዳዩን በልቶ ምንም አይሆንም።

የበላ ሰው ካለ ሳያመው በፊት 1-800-222-1222 ደውሉ፤ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ይሰጣሉ። ከተበላው የተረፈውን አትጣሉ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ትንንሽ ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል። ሣር ላይ ሲጫወቱ አፋቸው እንዳያስገቡት ዛሬውኑ ከነሥሩ ንቀይና በፌስታል አስረሽ ጣይው፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ሌላ ሊወጣ ስለሚችል ጠዋት ጠዋት እዪ። ለፍልሰታው ሱፐርማርኬት ያለውን ግዢ፣ ያው በሽንኩርትና በዘይት ነው የሚሠራው።