መልስ፦ አዳዲስ ሳንቲሞችን ደረጃ ማሰጠት ያዋጣል?

ወዳጄ፣ አዳዲስ ሳንቲሞቼን፣ ሳንቲም መርምረው የጥራት ደረጃ ለሚሰጡት ድርጅቶች፣ ለፒሲጂኤስ ወይም ለኤንጂሲ ልኬ ደረጃ ላሰጣቸው ወይ ብለሃል። ሁሉንም አትላክ። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው። የዘመኑ ሳንቲም 69 ማግኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምትከፍለውን እንኳ አይመልስም። ዋጋው የሚዘለው 70 ላይ ነው፤ 5 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ እንከን የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራስህ እየው። ጠርዙን ብቻ ይዘህ መብራት ሥር ቀስ ብለህ አዘንብለው። ፀጉር የምታክል ጭረት ብልጭ ካለች፣ እሱን ተወው። 70 ያገኙት ስንት እንደሆኑም በድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ ተመልከት፤ ከበዙ ዋጋው ይወርዳል። ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በጨረታ የተሸጠበትን እመን። እባክህ ደግሞ እንዳትወለውለው! የተወለወለ ሳንቲም ሳይ አንጀቴ ነው የሚያርረው። ቁጥር አይሰጠውም፤ «ጸድቷል» ተብሎበት ይመለሳል።