ፊዚክስ ለደረሳችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ፊዚክስን ወዳችሁ መርጣችሁታል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ በምደባ ደርሷችሁ ተክዛችኋል። መንገዱ ግን ለሁላችሁም አንድ ነው፤ በገዛ እጃችሁ ሠርታችሁ ያላያችሁት ነገር ከፈተና ማግስት አያድርም።

ፊዚክስ ከበደኝ የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የከበደው ካልኩለስ ነው። ሊኒየር አልጀብራንና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ሳትይዙ ኳንተም መካኒክስ ውስጥ አትግቡ፤ መሸምደድ ብቻ ይሆንባችኋል።

ወርክሺት ሲሰጣችሁ መልሱን ከጓደኛ ከመገልበጣችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ታገሉት። ሥዕሉን ሣሉ፣ ኃይሎቹን በቀስት አሳዩ፣ ቁጥር የምታስገቡት መጨረሻ ላይ ይሁን። መልሱ ሲወጣም ፈትኑት። ዘመም ባለ ጣውላ ላይ የሚንሸራተት ሳጥን አለ እንበል። ጣውላውን 90 ዲግሪ አቁሙት፤ ሳጥኑ በነጻ ስለሚወድቅ የአክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ) ቀመራችሁ ጂን፣ ማለትም በመሬት ስበት በነጻ የሚወድቅ ነገር አክስለሬሽንን፣ ብቻ መስጠት አለበት። ፍሪክሽኑ (ሰበቃው) አልጠፋ ካለ ኖርማል ፎርሱን፣ ማለትም ጣውላው ሳጥኑን የሚገፋበትን ኃይል፣ ስታወጡ ሳይንና ኮሳይን ተምታቶባችኋል። ወደ 0 ዲግሪ ስታወርዱት ደግሞ ቆሞ የነበረው ሳጥን ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል ነገር ይወጣል። አትደንግጡ፤ ቀመሩ የሚሠራው እየተንሸራተተ ላለ ሳጥን ነው።

ፕሮግራሚንግ፣ በተለይ ፓይተን፣ እስከ ሁለተኛ ዓመት ጀምሩ። ላፕቶፕ የሌለው የዲፓርትመንቱን ኮምፒውተር ይጠቀም።

ኩረጃ የሚበዛው ላብ ሪፖርት ላይ ነው። ጂን የምንለካበትን ፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስን፣ እንውሰድ። የ1 ሜትር ፔንዱለም ደርሶ መልስ 2 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ስቶፕዋች የያዘ እጅ 0.2 ሴኮንድ ቢዘገይ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ ጊዜው በስኩዌር ስለሚገባ ጂ ላይ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። 20 ደርሶ መልስ ለክታችሁ ለ20 ብታካፍሉ ግን የጂው ስህተት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ርዝመቱን ክሩ ከተንጠለጠለበት እስከ ኳሷ መሃል ለኩ፤ እስከ አናቷ ብቻ የለካ ጂው ያንስበታል። ስትለቋትም ከ10 ዲግሪ አትለፉ። ከዚያ ርዝመቱን አምስት ስድስት ጊዜ እየቀያየራችሁ የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመቱ ጋር በግራፍ አውጡና ጂን ከመስመሩ ስሎፕ (ዝንባሌ) አስሉ።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥና ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ ጂዋ ወደ 9.78 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። ዳታውን እየቆረጠ እየቀጠለ 9.81 ላይ ያደረሰ ተማሪ እንግዲህ የኮረጀው የሌላ አገር ቁጥር ነው! 9.6 ሲደመር ሲቀነስ 0.2 ብሎ የለካውን የጻፈ ይበልጠዋል፤ እኔ ብሆን ማርኩን የምሰጠው ለእሱ ነው።