በአንድ ኩላሊት መኖር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው እጥበት ላይ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክመዋል። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ወስኛለሁ። እናቴ ግን «ፈጣሪ ሁለት ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ ዕድሜሽን ሙሉ ጎዶሎ ልትሆኚ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ምን ልበላት? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎ ጭንቀት ከእናት አንጀት የወጣ ነውና በቀላሉ አይለፉት። ለእርሳቸው የሚሆነው መልስ የኩላሊት አሠራር ውስጥ አለ።

በበዓል ቀን በግ ሲበለት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በሞራ ተሸፍነው የሚወጡትን ኩላሊቶች እናትዎ በእጃቸው ይዘው ያውቋቸዋል። የሰውም አቀማመጥ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከአንጀት በስተኋላ፣ በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ከለላ ሥር ይገኛሉ፤ ቀኙም ከላዩ ጉበት ስላለ ከግራው ጥቂት ዝቅ ይላል። የአንዱ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 150 ግራም ገደማ ነው።

በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉ። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ስለሚሄድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ይጣራል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን ማለት ነው። በሽንት የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ የኩላሊት ትልቁ ጥበብ ቆሻሻን ከማስወገዱ ይልቅ ውኃውን፣ ጨውንና ስኳሩን ለይቶ ወደ ደም መመለሱ ይመስለኛል።

ኩላሊት የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፤ ቫይታሚን ዲን ለአጥንት እንዲጠቅም አድርጎ ያዘጋጃል፤ የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ የሚያዝዘውን ሆርሞንም ያመነጫል። እጥበት ደምን ያጣራል እንጂ ይህን ሆርሞን አይተካም፤ ወንድምዎ የገረጡትና የሚደክማቸው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ እናትዎ ጥያቄ ልመለስ። ጤነኛ ሰው ያለው የማጣራት አቅም ለመኖር ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። አንዱ ኩላሊት ሲወጣ የቀረው አዲስ ኔፍሮን ባያበቅልም ያሉት ይገዝፋሉ፤ ቀድሞ ሁለቱ በጋራ ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከአንዱ መንትያ ወደ ሌላው ኩላሊት በተሳካ ሁኔታ ካዛወሩ ወዲህ ብዙ ለጋሾች በአንድ ኩላሊት ኖረዋል፤ በአዲስ አበባም ሕክምናው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ይሁን እንጂ ይኸው ትርፍ አቅም በሽታን ይሸሽጋል፤ ኩላሊት አብዛኛው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ሕመም ላይሰማ ይችላል። «ደህና ነኝ» ማለትዎ ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ የሽንትና የምስል ምርመራ ያስፈልግዎታል። ወደፊት መውለድ የሚያስቡ ከሆነም አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በአንድ ኩላሊት አርግዘው በሰላም የተገላገሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት የመነሣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል የቅርብ ክትትል ይጠይቃል። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን እናትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙንም ራሳቸው ይጠይቁት።